«ምን ቀየርክ?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። መኪናም እንደ ሰው ሕመሙ የሚደበቅበት ጊዜ አለ።

ባለፈው ክረምት በወዳጄ ፒክአፕ ከ2 ሺህ 500 ሜትር ከፍታ በላይ ካለችው ጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ስንወርድ፣ ከኋላችን የነበረ ሹፌር ጡሩምባውን ደጋግሞ እየነፋ አስቆመን። «ፍሬን ስትይዙ መብራታችሁ አይበራም!» አለን። ጭጋጉ መንገዱን ከገደሉ በማይለይበት በዚያ ቁልቁለት ላይ ቃሉ እንዴት እንዳስደነገጠን አልረሳውም።

ሲቀላ ደርሰን አንድ ጋራዥ ገባን። ወጣቱ ኤሌክትሪሺያን የፊውዝ ሳጥኑን ቢከፍት፣ በፊውዙ ቦታ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ አገኘ። ፊውዝ ሽቦው ከመቃጠሉ በፊት ራሱ ቀልጦ የሚያድን ዘብ ነው። አንድ ሰው ግን ዘቡ ደጋግሞ ቢወድቅበት፣ ጠላቱን መፈለግ ትቶ ዘቡን አሰናብቶታል።

እኔ ፍሬኑን ረግጬ ተቀመጥሁ። እርሱ በቴስተሩ ከመጋጠሚያ መጋጠሚያ እየተከተለ «ኃይል እዚህ አለ፤ እዚህ የለም፤ እንግዲያው ሕመሙ በመካከል ነው» ይላል። ከግማሽ ቀን በኋላ ከጭነት ሳጥኑ ሥር አገኘው፤ ሻንሲው ሽፋኑን ፍቆት፣ መዳቡ ከብረቱ እየተነካካ ግሎ፣ በመጨረሻም ተቃጥሎ የተበጠሰ ሽቦ።

ሒሳብ ሲጠየቅ ወዳጄ ተቆጣ። «ምን ቀየርክና ነው ይህን ያህል የምትጠይቀኝ?»

«ጋሼ፣ የቀየርኩት አንድ ስንዝር ሽቦና አንድ ፊውዝ ነው፤ የፈለግሁት ግን መኪናውን በሙሉ ነው።»

እኔ የምለው እንዲህ ነው፤ እኛ ለዕቃ እንጂ ለፍለጋ መክፈል አንወድም። ስለዚህም ባለሙያው በታመመው ሽቦ ላይ ሌላ ሽቦ ጎትቶ፣ በፕላስተር ጠቅልሎ መሸኘትን ይለምዳል። ያን መዳብ የጠመጠመው እጅ ምናልባት የእኛን ቸኩሎና ስስት የታዘዘ ነበር። ጥፋቱን እንካፈለው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። ብርቱካናማ ገመዳቸው የሚሸከመው 12 ቮልት ሳይሆን በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። በዚያ ላይ በግምት የሚሠራ እጅ መብራት ብቻ አያጠፋም፤ ነፍስም ያጠፋል።

እንግዲህ «ምን ቀየርክ?» ከማለታችን በፊት «ምን አገኘህ?» ብለን እንጠይቅ፤ ላገኘበትም እንክፈለው።

ቸር ያሰንብተን።