ወደ ኋላ ስንሄድ ሁላችንም ፈረሰኛ ነን

ሰሞኑን እኛ የመርካቶ ልጆች አንድ ጨዋታ ይዘናል። ጊዜን ወደ ኋላ የሚነዳ ታክሲ ሲኒማ ራስ ጋ ቢቆምና ወያላው ‹‹ያለፈው፣ ያለፈው፣ አንድ ሰው የቀረው!›› እያለ ቢጣራ የት ትወርዳላችሁ? መልሱን እየተሻማን ነው የምንመልሰው… ዓድዋ! 1888 ዓ.ም.፣ ጎራዴ ታጥቆ፣ በፈረስ። እግረኛ የሆነ እንኳ ከመካከላችን አልተገኘም። ሴት ጓደኞቻችንም እቴጌ ጣይቱን ካልሆኑ አንሳፈርም ብለዋል።

ጨዋታውን ያመጣብን ‹‹ፕሪዴስቲኔሽን›› የተባለው ፊልም ነው (እ.ኤ.አ. 2014)። ያላያችሁት ይህን አንቀጽ ዝለሉት፤ ልናበላሽባችሁ ነው። ሴት ሆና ያደገች ልጅ ከወሊድ በኋላ በቀዶ ጥገና ወንድ ትሆናለች። ከዚያ ጊዜን ወደ ኋላ ተሻግራ (ተሻግሮ? አማርኛችን ራሱ እዚህ ላይ ይደናገራል) የገዛ ራሷን ታፈቅራለች፤ የምትወለደውም ያችው ራሷ ነች። ሳራ ስኑክ ሴቲቱንም ሰውየውንም ሆና ትጫወታለች፤ ድንቅ ናት። ግን ሰውየው ዞሮ ዞሮ የሚያገኘው ራሱን ብቻ ነው። ጭንቅላት ያዞራል፣ ሆድ ግን አይነካም።

ሆድ የሚነካውን የሠራው የኛው ሰው ነው። የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ ‹‹ሳንኮፋ››ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ አሜሪካ ውስጥ አከፋፋይ ስላጣ አዳራሽ እየተከራየ በራሱ አሳይቶታል። ሞና የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ሞዴል ጋና ውስጥ፣ የኬፕ ኮስት ምሽግ አጠገብ ፎቶ ትነሳለች። ቦታው ሰው እንደ ዕቃ ተጭኖ ይላክበት የነበረ መሆኑ አላሳሰባትም። ወደ ምሽጉ ስትገባ በሩ ይዘጋባታል፤ በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች ይከቧታል። አሜሪካዊት ነኝ ብላ ብትጮህም ሰሚ የለም። ከዚያ በኋላ ሞና የለችም፤ ሾላ የምትባል (ገበያውን ማለታችን አይደለም) በአንድ እርሻ ላይ ያለች የቤት ባሪያ ናት። ጌታው ሲፈልግ ይደፍራታል። ልብ በሉ፣ ኃይሌ ወደ ኋላ ሲልካት ንግሥት አላደረጋትም። መጀመሪያ ስሟን ነጠቃት፣ ቀጥሎ ሰውነቷን። ማን እንደሆነች ያወቀችው ከዚያ ወዲያ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ‹‹ይኼ የነሱ ታሪክ ነው፣ እኛ ቅኝ አልተገዛንም›› ብለን እፎይ እንላለን። በሉ እንግዲህ፣ ታክሲውን መቶ ዓመት ብቻ እንመልሰው። 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችበት ዓመት ነው፤ በመግቢያዋ ላይ ክርክር ካስነሱት ጉዳዮች ዋናው ደግሞ ባርነት ነበር። ባርነትን ጨርሶ የሚሽረው ሕግ የወጣው ከጣሊያን በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ነው። የብዙዎቻችን አያቶች ያኔ ልጆች ነበሩ። ቃሉ ደግሞ ዛሬም አልሞተም፤ ጠብ በተነሳ ቁጥር በየተራው እንደ ስድብ ሲወረወር እንሰማዋለን።

ዱባይ ተራ ጫማ የምትሸጥ አንዲት ልጅ የሱቁን መጋረጃ ገልጣ ወደዚያ ዘመን ትግባ። መርካቶን አታገኛትም፤ መርካቶ ገና የለችም። ‹‹የአገሬው ሰው ገበያ›› ብሎ ከአራዳ ነጥሎ የቆረቆራት ቆይቶ የመጣው ጣሊያን ነው። ያኔ ገበያው ጊዮርጊስ አጠገብ ነው። የልጅቷ አያቶች ከከፋ ወይም ከቤንሻንጉል የመጡ ቢሆኑስ? ፈረስ የሚያቀርብላት የለም። የሚጠብቃት የሰው ጓዳ፣ የሰው ወፍጮና የሰው እንስራ ነው። እመቤቲቱ ከእልፍኝ ስትጣራ በማን ስም እየጠራቻት እንደሆነ እንኳ ልጅቷ ገና አታውቅም።

ይህን ፊልም የሚሠራ ከተገኘ ትኬታችንን ከአሁኑ እንቆርጣለን። ፈረሱን የሙጥኝ ያላችሁ ደግሞ አትከፉ፤ ኃይሌ ‹‹ዓድዋ››ንም እ.ኤ.አ. በ1999 ሠርቶላችኋል።