ዲቪዲ ራይተር ለመቀየር ስንነሳ

ባለፈው ክረምት የወንድሜ ልጅ ከካምባ ደወለልኝ። የቤታቸው ኮምፒውተር ዲቪዲ ራይተር መበላሸቱን፣ አርባ ምንጭ ወርዶ ሲቀላ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሱቅ ሁለት ዓይነት መቀየሪያ ማየቱን ነገረኝና፣ «ጋሼ፣ አንዱ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገጠም ባለ 24 ኤክስ ነው፤ ሌላው በዩኤስቢ የሚሰካ ቀጭን፣ ባለ 8 ኤክስ ነው። ፈጣኑን ልግዛ አይደል?» አለኝ።

«ለምን ሥራ ፈለግኸው?» ስል ጠየቅሁት።

«የእነ አባባን የሰርግ ዲቪዲ ለመገልበጥ ነው። የቴሌቪዥኑ ማጫወቻም ማንበብ አቅቶታል።»

ነገሩ የዋጋና የፍጥነት ብቻ አለመሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ያ ሰርግ የተደረገው በ1999 ዓ.ም. ነበር። ከአርባ ምንጭ የመጣው ቪዲዮ አንሺ በሁለት ዲቪዲዎች ቀድቶ፣ ላያቸው ላይ የሙሽሮቹን ፎቶግራፍ ለጥፎ ሰጥቷቸዋል። በሁለተኛው ዲስክ መጨረሻ ላይ እናታችን ሙሽሮቹን በጋሞኛ ስትመርቅ ትታያለች። እናታችን ካረፈች ዓመታት ተቆጥረዋል። ከዚያ ዲስክ በቀር ድምፅዋ የተቀዳበት ሌላ ነገር የለንም።

ይህን የቤተሰብ ጉዳይ በዚህ መጽሔት ላይ ማንሣቴ ብዙ አንባቢዎች በየቤታቸው ተመሳሳይ ካርቶን እንዳላቸው ስለማምን ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሰርጉም፣ ልቅሶውም፣ ምርቃቱም፣ የመስቀላ በዓሉም የሚቀመጠው በዲስክ ነበር። በየዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ጽሑፍ ሲዲ ተለጥፎበት ማስረከብም የተለመደ ነበር። ዛሬ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ያለ ዲስክ ማንበቢያ እየተሠሩ ሳለ እነዚያ ዲስኮች በየመደርደሪያው ያረጃሉ። በእኔ አስተያየት በዚህ ዘመን ዲቪዲ ራይተር ሊገዛ የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው ጥሩ ጸሐፊ ሳይሆን ጥሩ አንባቢ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚታተመው ቁጥር ግን የሚናገረው ስለ መጻፍ ፍጥነት ነው።

ለመሆኑ በቤት ውስጥ የተቀዳ ዲስክ ከፋብሪካው በምን ይለያል? በፋብሪካ የታተመ ዲስክ መረጃውን የሚይዘው በፕላስቲኩ ላይ በተቀረጹ ጥቃቅን ጉድጓዶች ነው። የጉድጓዱ ጥልቀት በፕላስቲኩ ውስጥ ከሚጓዘው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ሩብ ጋር የተቀራረበ በመሆኑ፣ ከግርጌውና ከዳሩ የሚመለሱት ሞገዶች እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ ማንበቢያውም ብርሃን ሲደክምና ሲበረታ እየለየ ያነባል። በራይተር የሚቀዳው ዲስክ ግን እንዲህ ያለ ጉድጓድ የለውም። በውስጡ ስስ የኦርጋኒክ ቀለም ተቀብቷል፤ ሌዘሩም ቀለሙን በሙቀት እየለወጠ ምልክት ይተውበታል። ኦርጋኒክ ቀለም ደግሞ በሙቀት፣ በእርጥበትና በፀሐይ ብርሃን ይዳከማል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ ቤርናር ሎርታ-ዣኮብ የዶርዜዎችን ባለብዙ ድምፅ ዜማ ቀድቶ በሸክላ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ያ ሸክላ በጥንቃቄ ከተያዘ ዛሬም ይሰማል። ከእርሱ 30 ዓመት ገደማ የሚያንሰው የእኛ ዲቪዲ ግን ተርታውን አስቀድሞ ወስዷል።

ዲስክ የሚነበበው ከመሃል ወደ ዳር ነው። ስለዚህ በሞላ ዲስክ ላይ የፕሮግራሙ መጨረሻ የሚገኘው በዳሩ ላይ ነው፤ እጅ የሚነካው፣ እርጥበትም በቅድሚያ የሚያገኘው ዳሩን ነው። የእናቴ ምርቃት የተቀመጠው እዚያ ነበር።

አንባቢ ሊጠይቅ የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ግን አሮጌው ራይተር በእርግጥ ሞቷል ወይ የሚለው ነው። የወንድሜን ልጅ ሲዲ እንዲሞክር ነገርኩት። ሲዲውን ያለ ችግር አነበበ፤ ዲቪዲውን ግን ጭራሽ አላወቀውም። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም» ብሎ ግራ ይጋባል። ምክንያቱ ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ሌዘሮች መኖራቸው ነው። ሲዲ የሚነበበው 780 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው፣ ለዓይን በማይታይ ታህታይ ቀይ ብርሃን ነው፤ ዲቪዲ ደግሞ በ650 ናኖ ሜትር ቀይ ብርሃን። አንዱ ሲሞት ሌላው በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ሁለቱንም አላነብ ካለ ሌንሱ ላይ አቧራ አርፎ እንደሆነ ማየት ይገባል፤ በበጋ የመንገዱ አቧራ እንዴት እንደሆነ የአገሬ ሰው ያውቀዋል።

ሁለት ሌዘር ለምን አስፈለገ የሚል ተማሪ ካለ፣ መልሱ በኦፕቲክስ ትምህርቱ ውስጥ አለ። ብርሃን በሌንስ ሲሰበሰብ በዲፍራክሽን ምክንያት ከተወሰነ መጠን በታች ሊያንስ አይችልም፤ የነጥቡ ስፋት የሞገዱ ርዝመት ለሌንሱ ኑመሪካል አፐርቸር እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ያህል ነው። በሲዲ ኑመሪካል አፐርቸሩ 0.45 ስለሆነ ነጥቡ 870 ናኖ ሜትር ገደማ፣ በዲቪዲ 0.60 ስለሆነ 540 ገደማ፣ በብሉ ሬይ ደግሞ 405 ናኖ ሜትር ብርሃንና 0.85 ስለሆነ 240 ገደማ ይመጣል። 700 ሜጋባይት፣ 4.7 ጊጋባይት፣ 25 ጊጋባይት የሚባሉት መጠኖች በዋነኛነት የዚህ ስሌት ውጤቶች ናቸው። (ኮምፒውተራችሁ ባለ 4.7ቱን ዲስክ 4.38 ብሎ ቢያሳያችሁ ነጋዴው አላታለላችሁም፤ አንዱ በ1,000፣ ሌላው በ1,024 ስለሚቆጥር ነው።)

ወደ «ኤክስ» እንመለስ። ለዲቪዲ 1 ኤክስ ማለት በሴኮንድ 1.385 ሜጋባይት ማለት ነው፤ በዚህ ፍጥነት አንድ ሙሉ ዲስክ 57 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ባለ 16 ኤክስ መሣሪያ በዚህ ሒሳብ ከ4 ደቂቃ በታች ሊጨርሰው ይገባ ነበር፤ ግን አይጨርሰውም። ዲስኩ በአንድ ዓይነት ዙር ሲሽከረከር የዳሩ ፍጥነት ከመሃሉ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ፣ የተጻፈው ቁጥር የሚደረስበት ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ዲስኩ በደቂቃ ወደ 10,000 ዙር ይጠጋል። ዳሩ ላይ የሚፈጠረው አክስለሬሽን ከመሬት ስበት 6,000 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ቪዲዮ አንሺዎቻችን የሙሽሮቹን ፎቶግራፍ ትንሽ አጣምመው ሲለጥፉ፣ ወይም የወረቀቱ ጫፍ ሲላቀቅ ምን እንደሚከተል መገመት አያስቸግርም፤ ዲስኩ ይንቀጠቀጣል፣ ሌንሱም መስመሩን ይስታል። የዲቪዲ መስመር ከጎረቤቱ የሚርቀው 740 ናኖ ሜትር ብቻ ነውና።

ለተጎዳ ዲስክ እንግዲህ ፈጣን መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ፍጥነቱን እንድንቀንስ የሚፈቅድልን፣ ሌንሱ በቀላሉ መስመር የማይስት መሣሪያ ነው። ይህን በካርቶኑ ላይ ማንበብ አይቻልም። ስለዚህ ወደ ሱቅ ስትሄዱ ሌላው መሣሪያ በግድ የሚያነበውን ዲስክ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው አስሞክሩ። እንቢ የሚል ነጋዴ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ አለ።

በዩኤስቢ የሚሰካውን ቀጭን መሣሪያ ለወንድሜ ልጅ ያልመከርኩት ሌላ ምክንያት ስላለኝ ነው። የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ በደንቡ የሚሰጠው በ5 ቮልት ግማሽ አምፒር፣ ማለትም 2.5 ዋት ነው። ሞተሩ ሲነሣ ወይም ሌዘሩ ሲጽፍ ግን መሣሪያው ለአፍታ ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። በተለይ በኮምፒውተሩ ፊት ለፊት ያሉት መሰኪያዎች በረጅም ቀጭን ሽቦ ስለሚገናኙ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ያነብ የነበረው መሣሪያ መጻፍ ያቅተዋል፣ ወይም በየመካከሉ ይጠፋል። ሰውም መሣሪያውን ይረግማል። እኔ ራሴ ውጭ አገር ስማር እንዲህ ያለውን መሣሪያ ረግሜ ከጣልኩ በኋላ ነው ጥፋቱ የመሰኪያው መሆኑን ያወቅሁት። በሌላ በኩል ግን ላፕቶፕ ያለው ሰው መብራት ሲጠፋ ባትሪው ያድነዋል። በዴስክቶፕ ላይ ሲጽፉ መብራት ከሄደ ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ ይበላሻል። ስለዚህ ዩፒኤስ የሌለውና ላፕቶፕ ያለው ሰው ቀጭኑን መርጦ ከኋላ ወይም ከዩኤስቢ 3 መሰኪያ ቢሰካው አልቃወምም።

ውስጥ የሚገጠመውን ለሚገዛ ሰው ደግሞ ኬብሉን አስቀድሞ ማየት ግዴታ ነው። ሰፊ፣ ጠፍጣፋ ሽቦ ከሆነ አይዲኢ፣ ጠባብ ከሆነ ሳታ ነው፤ አንዱ ለሌላው አይገባም። የወንድሜ ልጅ የኮምፒውተሩን ጎን ከፍቶ ፎቶግራፍ ላከልኝ፤ ሳታ ነበር። ስለ ፕላስና ማይነስ ዲቪዲ ደግሞ ዛሬ መጨነቅ አያስፈልግም፤ በገበያ ያሉት መሣሪያዎች ሁለቱንም ይጽፋሉ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ስነግረው ሳቀብኝ። «ዲስክ ሞቷል፤ ፍላሽ ላይ ገልብጠህ በቴሌግራም ላክላቸው» አለኝ። እውነት አለው። ታይዮ ዩደን የተባለው ታዋቂ የጃፓን አምራች እ.ኤ.አ. በ2015 ከዲስክ ሥራ ወጥቷል፤ ሶኒም የሚቀዳ ብሉ ሬይ ዲስክ ማምረቱን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 አቁሟል። ነገር ግን ባልደረባዬ የረሳው ነገር አለ። ፍላሽ ላይ ለመገልበጥ በቅድሚያ ዲስኩ መነበብ አለበት፤ ማንበቢያውም ከገበያ እየጠፋ ነው። የሚዘገይ ሰው በኋላ የሚያገኘው አሮጌና የተንከራተተ መሣሪያ ብቻ ይሆናል። ፍላሽም ቢሆን መረጃውን የሚይዘው በታሰረ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፤ ቻርጁም ለዓመታት በመሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ ቀስ እያለ ያመልጣል። ቴሌግራም በቪዲዮ መልክ የተላከለትን ጨምቆ ጥራቱን ይቀንሳል፤ እንደ ፋይል መላክ ይሻላል። ደግሞም ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን የፍላሽ ቫይረስ የማያውቅ ተማሪ አለ? ተጽፎ የተዘጋ ዲስክ ላይ ቫይረስ ምንም ሊጨምር አይችልም። ስለዚህ ዋናውን በሁለት ሃርድ ዲስኮች፣ ተጨማሪውን በአንድ ጥሩ ዲቪዲ ማስቀመጥን እመርጣለሁ። ሲጻፍ በ8 ኤክስ፣ ዳሩን ባዶ በመተው፣ ያለ ተለጣፊ ወረቀት፤ ከተጻፈ በኋላም በሌላ መሣሪያ እየተነበበ መረጋገጥ አለበት።

የወንድሜ ልጅ ባለ 24 ኤክሱን ገዛ፤ ለፍጥነቱ ሳይሆን ውስጥ የሚገጠም በመሆኑ። ለመስቀላ ካምባ ስሄድ እኔም ከቢሮዬ አንድ አሮጌ ማንበቢያ ይዤ ሄድኩ። የተለጠፈውን ወረቀት አልነካነውም፤ እየላጡ ዲስኩን መጉዳት ይቻላልና። ፍጥነቱን ዝቅ አድርገን፣ ዲዲሬስኪው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ማንበብ ጀመርን። ፕሮግራሙ ያልተነበበውን ቦታ በካርታ እየመዘገበ ይዘልላል፤ ሌሊት መብራት ቢጠፋም ሲመለስ ካቆመበት ቀጠለ። አዲሱ መሣሪያ 9,000 የሚሆኑ ሴክተሮችን ማንበብ አቃተው። ያንኑ ካርታ ይዘን አሮጌውን ስንሰካ ብዙዎቹን አነበበልን፤ ሁለት መሣሪያዎች በአንድ ዓይነት ቦታ አይሳሳቱምና። በመጨረሻ የቀሩት 600 ገደማ ሴክተሮች ነበሩ፤ በቪዲዮ ሲለካ ሁለት ሴኮንድ ያህል።

ሁለቱ ሴኮንድ የወደቁት በምርቃቱ መካከል ነው። ምስሉ ይቆማል፣ እናታችን እጅዋን እንደዘረጋች ትቀራለች፣ አንድ ቃል ይጠፋል፤ ከዚያ ድምፅዋ ይቀጥላል። ወንድሜ ያቺን ቃል አስታውሳታለሁ ይላል። እኅቴ ግን ሌላ ቃል ናት ትላለች።