ሁሌ ኔትወርክ ነው?

«ድምፁ አልገባም፤ ኔትወርክ ነው።» በፍሪላንስ ለዜና ድረ ገጾች ስሠራ ይህን መልስ ሳልሰማ ያለፈ ወር ትዝ አይለኝም። የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ከአንድ ድረ ገጽ ሰርቨር ወደ አጋሩ ሰርቨር ይላካል። ጽሑፉ ይደርሳል፣ ፎቶው ይደርሳል፣ ድምፁ ይቀራል። ኔትወርካችን ብዙ ኃጢአት እንዳለበት አልክድም። ይሄኛው ግን የሱ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሰርቨሮች ብዙ ጊዜ የሚነጋገሩት አርፒሲ በሚባል ዘዴ ነው። አንዱ ከሩቅ ሆኖ «ይህን ዜና ለጥፍልኝ» ብሎ ያዛል፣ ሌላው ይፈጽማል። በ1998 የመጣውና ዎርድፕረስ ዛሬም ይዞት ያለው ኤክስኤምኤል-አርፒሲ የሚሸከመው ጽሑፍ ብቻ ነው። ድምፅና ፎቶ ግን ጥሬ ባይት ናቸው፤ እንዳሉ አይገቡም። ስለዚህ ቤዝ64 በሚባል ስልት ወደ ፊደል ይለወጣሉ። ሦስት ባይት አራት ፊደል ይሆናል። 60 ሜጋባይት የነበረው ቃለ መጠይቅ 80 ሆኖ መንገድ ይጀምራል።

ከዚያስ? ተቀባዩ ጋ ፒኤችፒ አለ። ማንም ካልነካካው ከ8 ሜጋባይት በላይ የሆነ መልእክት ከበር ይመልሳል። ፎቶው አልፎ ድምፁ የሚቀረው ለዚህ ነው! ይህ ገደብ ቢላላ እንኳ 80ው ፊደልና ተፈትቶ የሚወጣው 60 አንድ ላይ ሜሞሪ ውስጥ ከተያዙ 140 ይሆናሉ፤ ለአንድ ሥራ የተፈቀደው ደግሞ 128 ነው። ሥራው መሃል ላይ ይሞታል። ባለሙያውም «ኔትወርክ» ይላል።

የባሰም አለ። ፊደሉ የማይነበብ ስለሚመስል «ተመስጥሯል» የሚሉ አጋጥመውኛል። ቤዝ64 ምስጢር አይደለም፤ ያገኘው ሁሉ በሰከንድ ይፈታዋል። ስሙ እንዳይወጣ ለምኖ የተናገረ ሰው ድምፅ ያለ ኤችቲቲፒኤስ በዚህ መልክ ከተላከ መንገድ ላይ ለጠለፈው ሁሉ ክፍት ነው።

«ጂአርፒሲ እንጠቀም» የሚሉም አሉ። ጉግል በ2015 ለሕዝብ የለቀቀው ይህ ዘዴ ጥሬውን ባይት እንዳለ ስለሚያሳልፍ የሲሶው ጭማሪ ይቀራል፤ ጥሩ ነው። ግን እሱም ካልተስተካከለ በቀር ከ4 ሜጋባይት በላይ የሆነ መልእክት አይቀበልም። ፋይሉን ቆራርጦ ማስተላለፍ ይቻላል፤ ብዙዎች የሚያደርጉት ግን ገደቡን ማሳደግ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ትእዛዙና ጭነቱ ይለያዩ። አርፒሲው ወረቀቱን ብቻ ይያዝ፦ የፋይሉን ስም፣ መጠኑን፣ የሚገኝበትን አድራሻ፣ ኤስኤችኤ-256 የሚባለውን አሻራ። ተቀባዩ ሰርቨር ራሱ ሄዶ ጥሬውን ፋይል በኤችቲቲፒኤስ ያውርድ፤ እየተቀበለ ወደ ዲስክ ይጻፍ፣ መጨረሻ ላይ አሻራውን ያመሳክር። አድራሻው ለማንም እንዳይከፈት በቁልፍና በጊዜ ይገደብ።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፤ የሁለት ቀን ሥራ ነው። የማይሠራውም «ኔትወርክ ነው» የሚለው መልስ ስለሚያዋጣ ይመስለኛል። እውነት ኔትወርኩ ደካማ ከሆነማ የአሁኑ አሠራር ይበልጥ አያዋጣም፦ 79ኛው ሜጋባይት ላይ መስመሩ ቢቋረጥ ጥሪው ከዜሮ ይጀምራል። በተራ ማውረድ ግን ሰርቨሩ ከፈቀደ ካቆሙበት መቀጠል ይቻላል።