ስም ይወጣል ከቤት፤ የብሎንም ቢሆን

ዛሬ ፖለቲካ የለም። ስለ ብሎን፣ ስለ ሮንዴላና ስለ ኮፒሊያ ነው የምጽፈው። "ይሄ ሰውዬ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ጭንቅላቱ ዞረ" የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ። ታክሲ ከመያዜ በፊት በሜካኒካል ኢንጂነርነት ስሠራ የኖርኩት ከሻፍትና ከኩሽኔታ ጋር ነው። አሁን ደግሞ ከመካከላችን ዕቃ ከቻይና ወደ አሜሪካ የሚያስመጣው፣ ከዱባይ ወይም ከዚህ ወደ አዲስ አበባ መለዋወጫ የሚልከው እየበዛ ነው። ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ የማልሰማው የቀረጥ እሮሮ የለም። እኔ ግን እላለሁ፦ አብዛኛው ችግር የሚጀምረው ጉምሩክ በር ላይ ሳይሆን ኢንቮይሱ ላይ ነው።

በቅርቡ አንድ ወዳጄ ኢንቮይሱን አሳየኝ። "የመኪና መለዋወጫ፣ ልዩ ልዩ" ይላል፤ አለቀ። ካርቶኖቹ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነው፦ ኮፒሊያ፣ ዳዶ፣ የሞላ ሮንዴላ፣ ሻፍት ላይ በተቆረጠ ቦይ ውስጥ ገብታ ኩሽኔታው እንዳይንሸራተት የምትይዘው ክፍት የብረት ቀለበት። "ለመኪና ነው የሚገባው፤ ታዲያ የመኪና ዕቃ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?" አለኝ። ጥያቄው የብዙዎቻችን ስለሆነ ነው ዛሬ የጻፍኩት።

እኛ ታክሲ ነጂዎች ሒሳብ የምናወጣው በመድረሻ ነው። የቀረጥ መጽሐፍ ግን ብሎንን "ወዴት ትሄዳለህ?" አይለውም። "አንተ ማነህ? ከምን ተሠራህ? ሥራህ ምንድን ነው?" ነው የሚለው። ኤችኤስ ኮድ የምንለው አሠራር ብራስልስ ባለው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ሥር ከጃንዋሪ 1 ቀን 1988 ጀምሮ ይሠራል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች አሜሪካም፣ ዱባይም፣ ኢትዮጵያም አንድ ናቸው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ አገር የራሱን አሃዝ ይጨምራል፤ አሜሪካ እስከ አሥር ትደርሳለች።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ "ለጠቅላላ አገልግሎት የሚውሉ አካላት" የሚል ነገር አለ። የክፍል 15 ማስታወሻ 2 ነው። የብረት ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ኮፒሊያና የመሳሰሉት ሁሉ አንቀጽ 7318 ውስጥ ናቸው፤ እነሱም ከነዚህ አካላት ይቆጠራሉ። የማሽኖቹ ክፍል 16 እና የተሽከርካሪዎቹ ክፍል 17 ደግሞ "እነዚህን እኛ ጋ አታምጡ" ብለው በማስታወሻቸው አስወጥተዋቸዋል። ስለዚህ ለቶዮታ ተብሎ የተሠራ ኮፒሊያ እንኳ ለብቻው ሲመጣ የመኪና አካል ተብሎ 8708 አይገባም። 7318.24 ነው።

አንዲት ሻፍት ላይ ያለውን ብትፈቱት ነገሩ ግልጽ ይሆንላችኋል። ኃይል የምታስተላልፈው ሻፍት 8483.10 ናት። በኳስ የሚዞረው ኩሽኔታ 8482.10። ሁለት ሻፍት የሚያገናኘው መጋጠሚያ 8483.60። የብረት ዳዶ 7318.16። የሞላ ሮንዴላ 7318.21፣ ተራ ሮንዴላ 7318.22። ያቺ ክፍት የብረት ቀለበትም ከ7318 አትወጣም። ቀለበቷ ከፕላስቲክ ብትሠራ ግን ሥራዋ ሳይቀየር ወደ ምዕራፍ 39 ትሄዳለች፤ ከመዳብ የተሠራ ሮንዴላ ደግሞ 7415 ይሆናል። ሁሉም አንድ ላይ ተገጣጥሞ ከመጣ ሌላ ታሪክ ነው፤ ያኔ የሚመደበው ሙሉው ዕቃ ነው እንጂ ቀለበቷ ለብቻዋ አትቆጠርም።

"ታዲያ ምን ለውጥ ያመጣል?" ትሉ ይሆናል። ገንዘብ ያመጣል! በአሜሪካ መደበኛ ታሪፍ ተራ ሮንዴላ ከቀረጥ ነፃ ነው፤ የሞላ ሮንዴላ 5.8 በመቶ ይከፍላል። ኮፒሊያ 3.8 በመቶ ነው። ከሁሉ የሚገርመው የብሎን ነገር ነው። እኛ ጋራዥ ውስጥ ብሎን የምንለውን እንግሊዝኛው ለሁለት ይከፍለዋል፦ በዳዶ የሚጠብቀው ቦልት፣ ጭንቅላቱ እየዞረ የሚጠብቀው ደግሞ ስክሩ። ቦልት ነፃ ነው፤ ውፍረቱ 6 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ስክሩ 8.5 በመቶ ይከፍላል። ሮክኔል ፋስነር የሚባል ኩባንያ በዚህ ጉዳይ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተካስሶ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። "የኔ ቦልት ነው" አለ። ፍርድ ቤቱ በ2001 ለጉምሩኩ ፈረደ፤ ስክሩ ነው ተባለ። አያችሁ፣ በአንዲት ስም ዳኛ ፊት ይቆማል።

በዚህ ላይ የ2025 ነገር መጣ። ማርች 12 ቀን በብረት ውጤቶች ላይ የተጣለው ተጨማሪ 25 በመቶ 7318ን አካተተ፤ ጁን 4 ቀን ደግሞ 50 በመቶ ሆነ። ያኔ ነው "7318 አትበል፣ የማሽን ዕቃ በለውና እለፍ" የሚል ምክር ከአፍ ወደ አፍ የተሰማው። ወገኖቼ፣ ይሄ ምክር አይደለም፣ ወጥመድ ነው። የአሜሪካ ሕግ አስመጪው "ተገቢውን ጥንቃቄ" እንዲያደርግ ያስገድዳል፤ ደላላ ቀጥሬያለሁ ማለት ከኃላፊነት አያወጣም። በቸልተኝነት ብቻ እንኳ ቅጣቱ ያልተከፈለው ቀረጥ ሁለት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። የ10,000 ዶላር ስክሩ ቦልት ብላችሁ ብታስገቡ በመደበኛው ታሪፍ የቀረው ቀረጥ 850 ዶላር ነው። እሱን ትከፍላላችሁ፤ በላዩ እስከ 1,700 ቅጣት። ሆን ብላችሁ ከሆነ ደግሞ እስከ ዕቃው ሙሉ ዋጋ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ከዓመታት በኋላ ዕቃው ተሸጦ ካለቀ ወዲያ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ።

አገር ቤት ስንልክም ያው ነው። ዲክላራሲዮኑን የሚሞላው ትራንዚተር የሚያየው የኛን ወረቀት ነው። "ልዩ ልዩ መለዋወጫ" ብለን ከላክን ምን ያድርግ? ይገምታል። ፈታሹም ይገምታል፤ ግምት ደግሞ ወደ ላኪው ኪስ አዝኖ አያውቅም። በኢትዮጵያ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶው ሱር ታክስ የሚሰሉት ቀረጡን ጨምረው ስለሆነ የኮድ ስህተት አንድ ቦታ አይቆምም፣ እየተደራረበ ይወጣል። መጋዘን የተቀመጠበት ቀንም ይቆጠራል።

አንዳንዱ "ትራንዚተሩ የሚያውቀውን እኔ ምን አገባኝ?" ይላል። ትራንዚተሩ ወረቀት ያውቃል፤ ቀለበቷ ቦይ ውስጥ ገብታ ምን እንደምትሠራ ግን የምታውቀው አንተ ነህ። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ይባል የለ? የዕቃችሁን ስም ቤት ሆናችሁ ካላወጣችሁ ጎረቤት ያወጣላችኋል፤ ጎረቤቱ ደግሞ ቀረጥ ሰብሳቢ ነው።

ስለዚህ ኢንቮይስ ላይ በየመስመሩ እንዲህ ይጻፍ፦ ከምን እንደተሠራ፣ ጥርስ ያለው ይሁን የሌለው፣ ምን እንደሚይዝ፣ ልኩ፣ ብዛቱ፣ ዋጋው። "የብረት ኮፒሊያ፣ 4 በ40 ሚሊሜትር፣ 1,000 ፍሬ" ማለት ምን ይከብዳል? ፎቶና ድሮዊንግ ካለ አያይዙ። ከተጠራጠራችሁ የአሜሪካ ጉምሩክ ከዚህ በፊት የሰጣቸውን ውሳኔዎች ክሮስ በሚባለው መፈለጊያው ለሕዝብ ከፍቷል፤ በነፃ ነው። ዕቃው ከመምጣቱ በፊትም በጽሑፍ ጠይቃችሁ ለናንተ የሚጸና ውሳኔ ማግኘት ትችላላችሁ፤ እሱም አይከፈልበትም። ያ ውሳኔ አዲስ አበባን አያስገድድም፤ ግን ስድስቱ አሃዝ የጋራ ስለሆነ ባዶ እጅ ከመከራከር ይሻላል። ታሪፉ ይቀያየራልና በየጊዜው አረጋግጡ፤ ስም የማውጣቱ መንገድ ግን ያው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ታክሲውንም፣ ፓርኪንጉንም፣ መጋዘኑንም ብታዩ ከኛ መካከል ኢንጂነሩ፣ አካውንታንቱ፣ የቀድሞ ጉምሩክ ሠራተኛው ሞልቷል። ዕቃ የሚያስመጣው ወገናችን ደግሞ ጎኑ ተቀምጦ ቡና እየጠጣ ለማያውቀው ሰው ይከፍላል። ኮንቴይነር ከመዘጋቱ በፊት አንድ ሰዓት አብረን ብንቀመጥ ስንት ብር ይድን ነበር! ሻፍት ላይ ያለ ነገር ግራ ያጋባችሁ ፎቶውን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ፈረቃዬን ስጨርስ አየዋለሁ። ጉምሩክ ላይ የሠራችሁ ደግሞ የጎደለውን ከታች ሙሉልኝ።

ቸር ያሰማን።