«ልጅ ነህ» እስከ መቼ?



ጀጎል ውስጥ አንዱ ሱቅ ጎራ በሉ። አባት የሂሳብ ደብተሩን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሠላሳውን ያለፈ፣ የልጆች አባት የሆነ ልጃቸው ዕቃ ያወርዳል፣ ይመዝናል፣ ደንበኛ ያስተናግዳል። ከማን እንደሚገዛ፣ በስንት እንደሚሸጥ፣ ለማን ዱቤ እንደሚሰጥ ግን አያገባውም። ሐሳብ ካቀረበ መልሱ የታወቀ ነው፦ «አንተ ዝም በል፣ ልጅ ነህ!» ቢሮውም፣ የመስጂድ ኮሚቴውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልጁ ሲሰለቸው ወይ ይሰደዳል፣ ወይ ከሰዓቱን በበርጫ ይጨርሰዋል። ያኔ «የዘንድሮ ወጣት ሥራ አይወድም» ይባልልናል።

ይህን አደብ ነው የሚሉን አሉ። አደብማ ከሰሓቦች ይጠየቅ! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ሻም ድንበር ለሚዘምተው ጦር ኡሳማ ኢብኑ ዘይድን (ረ.ዐ) አሚር አድርገው ሲሾሙ ዕድሜው ከ20 አይዘልም ነበር። ከሥሩ እነ ዑመር (ረ.ዐ) ነበሩ። ያኔም ያጉረመረሙ አልጠፉም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ታመው ሳሉ ወጥተው ለሹመቱ የተገባ መሆኑን ተናገሩ። ከሳቸው ሞት በኋላ «በዕድሜ የገፋ ሰው ይተካ» ሲባል አቡበክር (ረ.ዐ) እምቢ አሉ። ጦሩን ሲሸኙም ኡሳማ እንደጋለበ፣ ስልሳ ዓመት የሆናቸው ኸሊፋ ከጎኑ በእግራቸው ሄዱ። ዑመርን መዲና ለማስቀረት ፈቃድ የጠየቁትም ይህንኑ ወጣት ነበር።

አዛውንት ይውጡልን አላልንም። ዑመርም ከጦሩ ውስጥ ነበሩ። ደግሞ ከኛ መሃል ሁለት ቪዲዮ አይቶ የአርባ ዓመት ልብስ ሰፊን ላስተምር የሚል አለ፤ እሱ መኪና ግርግር ሄዶ አንድ ቀን ስፌት መኪና ላይ ይቀመጥ፣ ይለይለታል።

ሙያን ሳያስረክቡ መሄድ ምን እንደሚያስከትል ጀጎል ያውቀዋል። የጥንቱ የሐረር የመጽሐፍ ጥረዛ ከቢር ዐሊ ሼኽ እጅ ላይ ቀርቶ ነበር። በ1993 እ.ኤ.አ. ወደ አኼራ ሲሄዱ ሙያው አብሯቸው ሊቀበር ትንሽ ቀረው። የዳነው ያስተማሯቸው ጥቂት ደረሶች ስለነበሩ ነው፤ የሙዚየሙ መሥራች አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ከነሱ ተምረው መልሰው አስነሡት። እነዚያ ደረሶች «ልጅ ናችሁ» ተብለው ከበር ተመልሰው ቢሆንስ?

አባቶቻችን፣ ሱቁ የናንተ ነው፣ ማንም አይወስድባችሁም። ደብተሩን ግን አሳዩን። የሚመጣውን የረመዳን ዕቃ ግዢ ለኛ ተዉልን፤ ከከሰርንም እናንተ አጠገባችን እያላችሁ እንክሰር።