የመኪናችን ፋን አልዞር ሲል

ለዒድም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ የጥኖራ፣ ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ የሚጓዝ ቤተሰብ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ ወደ ደጀን ይወጣል። ዳገቱ ከወንዙ እስከ ደጀን ከ1000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ቆላው ይሞቃል፤ መኪናውም በከባድ ማርሽ በዝግታ ይወጣል። ታዲያ በሜዳ ደህና ሲመላለስ የከረመ መኪና እዚህ ሲደርስ የሚፈላው ለምንድን ነው?

በሜዳ ራዲያተሩን የሚያበርደው መኪናው ሲሮጥ የሚገባው ነፋስ ነው። በዝግታ ስንሄድና ስንቆም ግን ሥራው በፋኑ ላይ ይወድቃል። ስለሆነም የፋን ሕመም በሜዳ ተደብቆ ቆይቶ በዳገት ይገለጣል። ሞተሩ ከመጠን በላይ ከጋለ ቴስታታው ይጣመማል፤ ወጪውም ከፋኑ ዋጋ እጅግ ይበልጣል።

ብዙ ሰው ፋኑ ካልዞረ ዲናሞው ተቃጥሏል ብሎ አዲስ ለመግዛት ይሮጣል። እኛ ግን ከርካሹ ወደ ውዱ በቅደም ተከተል እንድትመረምሩ እንመክራለን። የምንናገረው በኤሌክትሪክ ስለሚሠራው ፋን ነው፤ በቺንጋ የሚዞር ከሆነ መጀመሪያ ቺንጋውን እዩ።

አንደኛ፦ ሞተሩ ይብረድ፤ ቁልፉም ይነቀል። ፋኑ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም በድንገት ሊነሳ ስለሚችል ልጆች እጃቸውን እንዳያስገቡ ተጠንቀቁ። ከዚያ ክንፎቹን በእጅ አዙሩ። ከከበዱ ወይም ከተንቋቁ ችግሩ እዚያው ነው። የራዲያተሩንም ውኃ እዩ፤ ከጎደለ ሙቀት ለኪው ውኃ ስለማይነካው ፋኑን ላያስነሳ ይችላል።

ሁለተኛ፦ ፊውዙን በሳጥኑ ክዳን ላይ ካለው ሥዕል ፈልጉ። ከተቃጠለ በዚያው አምፔር ተኩት። በሽቦ ወይም በሲጋራ ወረቀት መቀጠል መኪናውን ለእሳት መዳረግ ነው። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ ሽቦው ተገናኝቷል ወይም ዲናሞው ይዟል ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ ሪሌውን ንቀሉና ቁጥሩ አንድ ዓይነት በሆነ ለምሳሌ በጥሩምባው ሪሌ ለውጣችሁ ሞክሩ።

አራተኛ፦ የዲናሞውን ሶኬት ንቀሉና ፊውዝ ባለበት ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ ጋር አገናኙት። ከዞረ ዲናሞው ጤነኛ ነው። ካልዞረ ካርቦኑ አልቆ ሊሆን ስለሚችል ከመግዛታችሁ በፊት ለመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አሳዩት። አዲስ ሲገጠም ሽቦዎቹ ከተገላበጡ ፋኑ ወደ ኋላ ይዞራል። ከራዲያተሩ ኋላ የተገጠመ ፋን ነፋሱን በራዲያተሩ በኩል ወደ ሞተሩ መሳብ አለበት።

አምስተኛ፦ እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ የሚጠረጠረው ሙቀት ለኪው ነው። በአሮጌ መኪኖች ራዲያተሩ ላይ ያለውን ባለ ሁለት ሽቦ ማብሪያ ሶኬት ነቅሎ ሁለቱን ሽቦ ሲያገናኙ ፋኑ ከተነሳ የተበላሸው ማብሪያው ነው። በኮምፒዩተር በሚታዘዙት መኪኖች ግን ሽቦ አታገናኙ፤ ለባለሙያ ተዉት።

አንድ ነገር ደግሞ ለደገኛው አንባቢ እንጨምር። ውኃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ 2500 ሜትር አካባቢ ባለችው ቢቸና ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ብዙ ፋን የሚነሳው ደግሞ በዚሁ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ውኃው ቀድሞ እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ 0.9 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን መፍያውን በቢቸናም ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ስለዚህ ጎማው የደረቀ ክዳን ካለ ፋኑ ቢዞርም መኪናው ሊፈላ ይችላል።

በዚሁ ምክንያት ሞተሩ እንደጋለ ክዳኑን መክፈት አደገኛ ነው። ግፊቱ ሲለቀቅ ውኃው በአንዴ ፈልቶ ፊት ላይ ይፈነዳል። በመንገድ ላይ ቢፈላባችሁ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፤ ሞተሩን አጥፉ፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ታገሱ። በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውኃ አታፍስሱ።

ቤተሰብን ጭኖ መንዳት አደራ ነው። ዓባይን ከመውረዳችን በፊት በነበረው ምሽት መኪናውን በቆመበት አስነስተን ፋኑ እስኪዞር መጠበቅ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል።