ከደጀ ሰላሙ ያባረርነው ልጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላትና ምእመናን፣ ከሐይቅ ከተማ ብዙ በማይርቅ አንድ አጥቢያ የ13 ዓመት ልጅ ከሙዳየ ምጽዋት ገንዘብ ሲሰርቅ ተያዘ። ከመካከላችን ጥቂቶች «ይመከር» አሉ፤ አብዛኞቻችን ግን «ለፖሊስ ይሰጥ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤቱም ይሰረዝ» አልን። ከእነዚያ አንዱ እኔ ነበርሁ። ልጁ ያን ሌሊት ከጎልማሳ እስረኞች ጋር በአንድ ክፍል አደረ። ከተፈታ በኋላ ደጀ ሰላሙን አልረገጠም፤ እናቱም ዛሬ ከሌላ አጥቢያ ያስቀድሳሉ።

ያኔ ለእግዚአብሔር ቤት የቀናን መስሎን ነበር። አሁን ግን እጠይቃችኋለሁ፤ በዚያ ፍርድ ማን ተጠቀመ? ገንዘቡ አልተመለሰም፤ እንዲመልስ የጠየቀው የለምና። ልጁም በደሉን አልካሰም። ያተረፍነው «ሌባ» የሚል ስም አሸክመን ከዓይናችን ማራቅን ብቻ ነው።

«ሕግ ይከበር» የሚል ይኖራል። መልካም፤ እንግዲያውስ ሕጉን እናንብበው። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ለአዋቂዎች በተደነገገው ቅጣት እንዳይቀጣ፣ ከአዋቂ ወንጀለኞችም ጋር እንዳይታሰር በአንቀጽ 53 ይከለክላል። በአንቀጽ 159 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ልጁን ለዘመዶቹ፣ እነርሱ ከሌሉ ወይም ካልበቁ ለታመነ ሰው ወይም ሕፃናትን ለሚያስተምርና ለሚጠብቅ ድርጅት በአደራ እንዲሰጥ መንገድ ይከፍታል። ሕጉ የታመነ ሰው ይፈልጋል፤ እኛ ግን ገና ሳንጠየቅ እጃችንን ታጠብን።

ሥርዓተ ንስሐችንስ ምን ያስተምረናል? በደለኛው ይናዘዛል፣ ቀኖና ይቀበላል፣ የነጠቀውን ይመልሳል፤ ከዚያም ወደ ቅዱስ ቁርባን ይቀርባል። ፍጻሜው መመለስ ነው። ዘኬዎስ ያታለላቸውን አራት እጥፍ ሊከፍል ቃል ገባ (ሉቃ. 19)። ቅዱስ ጳውሎስም ኮብልሎ የነበረውን አናሲሞስን ወደ ፊልሞና ሲሰድደው ዕዳ ቢኖርበት እኔ እከፍላለሁ ብሎ በእጁ ጽፎ ዋስ ሆነው። ለዚያ ልጅ ከእኛ መካከል ዋስ የሆነው ማን ነበር?

የምንኖርበትን ምድር እንመልከት። በአምባሰል ያለችው ግሸን የነገሥታት ልጆች በመንግሥት እንዳይሻሙ የሚጋዙባት አምባ ነበረች። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከዚያ ወርደው ነገሡ፤ በእርሳቸው ዘመንም ግማደ መስቀሉ ወደ አምባዋ ገባ። ዛሬ መስከረም 21 ቀን ሕዝብ ምሕረትን ሽቶ ይወጣባታል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ደግሞ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባታችን አባ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዛሙርትን ሰብስበው አስተማሩ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። የግዞት አምባ የምሕረት ደጅ በሆነበት፣ ገዳሙ ትምህርት ቤት በነበረበት አገር እየኖርን ለልጆቻችን ግዞትን መምረጣችን አያሳፍረንምን?

ታዲያ ምን ይደረግ? ልጁ በወላጆቹ፣ በንስሐ አባቱና በሽማግሌዎች ፊት ይቀመጥ። አስቀድሞ ተበዳዩ ይናገር፤ ልጁም ያደረገውን በራሱ አንደበት ይመን። የወሰደውን በገንዘብ ባይችል ከትምህርቱ በማያጓድለው ሰዓት ግቢ በመጥረግ፣ ውኃ በመቅዳት ይካስ። አንድ ታማኝ ሰው ለወራት ይከታተለው። ቀኖናውን ሲፈጽም ደግሞ ሰበካ ጉባኤው ነገሩ መዘጋቱን ይንገረን፤ ከዚያ ወዲያ «ሌባ» ብሎ የሚጠራው እርሱ በደለኛ ይሁን። ይህ ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ጥላ ሥር ተቀምጦ በአበጋሮችና በሽማግሌዎች ሲታረቅ ኖሯል።

«ይህ ልጆችን ማባለግ ነው» የሚል ካለ፣ የበደሉትን ሰው ዓይን እያዩ መናገርን አንድ ጊዜ ይሞክረው። «ሽምግልና በደልን ይሸፍናል» ለሚለው ግን እውነት አለው እላለሁ። በሴት ልጅ ላይ የደረሰን ጥቃት በካሳ ገንዘብ አድበስብሶ «ታርቀዋል» ማለት እርቅ አይደለም፤ ተበዳይዋን ዳግመኛ መበደል ነው። ከባድ ወንጀል ወደ ፍርድ ቤት ይሂድ። ተበዳይ ሳይፈቅድም እርቅ የለም።

ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ በመጣሁ ጊዜ ልጁን በገበያ አየሁት፤ ሲያየኝ ፊቱን አዞረ። በመጪው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤቱ እሄዳለሁ። እርሱ የሙዳየ ምጽዋቱ ዕዳ አለበት፤ እኛም የእርሱ ዕዳ አለብን። ቀድመን የምንከፍለው እኛ ታላላቆቹ ልንሆን ይገባል። አብሮኝ የሚሄድ ማን ነው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።